ባሌ ሮትዋይለር ይላል፣ ልጄ ፖሜራኒያን፣ አማቴ ጭራሽ አይገባም ይላሉ። ምን ዓይነት ውሻ ይሻለናል?

የሰሚቷ እናት

ሰላም እንዴት ናችሁ። እስቲ ስለ ውሻ የምታውቁ ሰዎች ምከሩኝ፣ ቤቱ ለሁለት ሊከፈል ነው። የምንኖረው ሰሚት ነው፣ ግቢያችን ጠባብ ናት፣ መኪናዋ ከቆመች በኋላ ብዙ ቦታ አይተርፍም ግን አጥርና በር አላት። ከክረምቱ ወዲህ ሰፈሩ ሌባ በሌባ ሆኗል፣ የጎረቤታችንን የውሃ ቆጣሪ ነቅለው ሄዱ፣ የኛን መኪና ደግሞ ስፖኪዮ። ዘበኛ ለመቅጠር አቅማችን አይፈቅድም እና ውሻ እናምጣ ተባለ፣ እዚህ ድረስ ሁሉም ተስማምቷል።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሮትዋይለር ካልሆነም ጀርመን ሸፐርድ ብሎ ሙጭጭ ብሏል፣ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የውሻ ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚያመሸው። ትልቋ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ እሷ የምትፈልገው ያቺን ነጭ ጸጉራም ፖሜራኒያን የሚሏትን፣ ጓደኛዋ ቤት አይታ መጥታ እንቅልፍ ነሳችን። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ያገኘውን ነገር ጆሮ የሚጎትት ዓይነት ልጅ፣ ደግሞ አቧራና ብርድ ሲሆን ያፍነዋል፣ ሐኪሙ አለርጂ አለበት ብሎናል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፣ ጸሎተኛ ናቸው፣ "ውሻው ደጅ ይደር፣ ከበሩ ወዲህ እግሩን ካነሳ ግን እኔ አገሬ እገባለሁ" ብለዋል፣ ሲናገሩ ደግሞ ቀልድ አያውቁም።

እኔና ባሌ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ቀን ቤት የሚውሉት አማቴና ሰራተኛችን ናቸው፣ ሰራተኛችን ደግሞ ውሻ በጣም ትፈራለች። እና ምን ዓይነት ዝርያ ይሻላል? በናታችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ፣ "ዋናው ፍቅር መስጠት ነው" የሚል መልስ ግን ይቅርብኝ።

ቡልቡላ ነኝ

ሃሃሃ አማትሽ ተመችተውኛል። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፣ ሀስኪ ግዢ የሚልሽ ሰው አይጠፋም፣ እንዳትሰሚው። ሀስኪ ሳይቤሪያ በረዶ ላይ ጋሪ እንዲጎትት የተራባ ውሻ ነው፣ ሲፈጥረው መሮጥ ነው ስራው፣ አጥር ይዘላል፣ ከስር ይቆፍራል፣ ሌባ ሲመጣ ደግሞ ከመጮህ ይልቅ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ጎረቤቴ ያመጣው ሀስኪ ግቢ ከታየበት ጊዜ "አያችሁት ወይ" ተብሎ የተፈለገበት ይበልጣል።

የአበሻ ውሻ ጠበቃ

እህቴ እኔ የማይገባኝ ለምንድነው ሁሌ የፈረንጅ ውሻ ብቻ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው? የኛው አበሻ ውሻ ምን ጎደለው? ጸጉሩ አጭር ነው ማበጠሪያ አይፈልግ፣ አካሉ መካከለኛ ነው ስለዚህ የሚበላው አይከብድሽም፣ የአዲስ አበባን ብርድና ዝናብ ከናቱ ጋር ነው የለመደው፣ ጆሮው ደግሞ ጉድ ነው የማያውቀው ሰው በኮብልስቶኑ ሲያልፍ ገና እግሩን ሰምቶ ይጮሃል። አንቺ የምትፈልጊው ሌባ የሚበላ ውሻ አይደለም፣ ሌባ እንደመጣ የሚነግርሽ ውሻ ነው። ሌባ ደግሞ የሚፈራው መነከሱን ሳይሆን መታየቱን ነው፣ ጩኸት ያለበትን ግቢ ትቶ ወደማይጮኸው ይሄዳል (ይቅርታ ለጎረቤቶችሽ)። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ አበሻ ውሻ ለዚህ የሚስተካከለው የለም።

ግን አንድ ነገር፣ መንገድ ላይ ያደገ ትልቅ ውሻ አንስተሽ ልጆች ካሉበት ግቢ አታስገቢ። ቡችላ ከ3 ሳምንቱ ጀምሮ እስከ 14 ሳምንት አካባቢ ድረስ ነው ሰውን፣ ልጅን፣ ጫጫታን ምናምን የሚለምደው፣ በዚያ ጊዜ ሰው ያልነካው ቡችላ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ነው ደግሞ የሚነክሰው። ስለዚህ ሰው ቤት የተወለደ፣ እናቱን ያየሻት፣ ልጆች ሲያቅፉት ያደገ ቡችላ ፈልጊ።

ጎፋ ያለው ሸፐርድ

እኔ ጀርመን ሸፐርድ ነው ያለኝ፣ በዚህ ውሻ አልታማም፣ ግን ለባልሽ እውነቱን ልንገረው።

ሮትዋይለርን እርሱት። መጥፎ ውሻ ሆኖ አይደለም፣ ጀርመን አገር ከብት ሲነዳና የስጋ ነጋዴ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ጠንካራ ውሻ ነው፣ በልምድ ሰው እጅ ሲያድግ ጨዋ ነው። ግን ወንዱ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይገባል። የ4 ዓመት ልጅሽ ስንት ኪሎ ነው? ለመላስ ብሎ እንኳን ቢዘልበት ሲሚንቶ ላይ ይዘረጋዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚይዝ ሰው፣ አንቺም ባልሽም ቀን ሙሉ ለማትኖሩበት ቤት፣ በዚያ ላይ ለምትፈራ ሰራተኛ፣ አይሆንም።

ሸፐርድ ደግሞ፣ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፣ መጀመሪያ በ1899 (በፈረንጆቹ) ጀርመኖች እንደ ዝርያ ሲመዘግቡት የበግ ጠባቂ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥና ሲታዘዝ እንዲውል ነው የተሠራው። ፖሊስ የሚወደውም ለዚህ ነው፣ ስራ ስጡኝ የሚል ውሻ ነው። ስራ ካልሰጠኸው ራሱ ስራ ይፈጥራል፣ ጫማ፣ የመኪና ጭቃ መከላከያ፣ የአማትሽ ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከሆነ እሱም አይቀርለትም። ስለዚህ ባልሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማን ነው ይዞት የሚወጣው? ክረምትም ጭምር። መልሱ "ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀሳል" ከሆነ ሸፐርድ አይግዛ። እኛ አገር ሸፐርድ ክፉ ነው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቀን በሰንሰለት አስረውት ማታ ስለሚፈቱት ነው፣ ታስሮ የሚውል ውሻ ያላበደ ማን ይበድ? ሰው ባለፈ ቁጥር መጮህ እንጂ መድረስ አይችልም፣ ያ ሁሉ ንዴት አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ወይ ልጅ ሲጠጋው ይወጣል።

ሌላው "ፒዩር ነው" (ያልተዳቀለ ማለታቸው ነው) የሚሉት ጉዳይ ነው። ቴሌግራም ላይ ያለው ፎቶ የማን እንደሆነ አታውቂም፣ መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው የሚሸጡትን ደግሞ ተዪው። ሸፐርድ ቡችላ ጆሮው የሚቆመው 4 እና 5 ወር አካባቢ ስለሆነ ገና በ2 ወሩ በጆሮው ልትለዪው አትችዪም፣ ብዙ ሰው ሸፐርድ ብሎ ገዝቶ ዲቃላ ያሳደገው በዚህ ነው (ዲቃላው ራሱ ግሩም ውሻ ሊሆን ይችላል፣ የተከፈለው ዋጋ ነው የሚያቃጥለው)። እናቱን አሳዩኝ በያቸው። እናቱን ካላሳዩሽ ተመለሺ። ሸፐርድ ላይ የኋላ እግር ዳሌ ችግር በዘር ስለሚተላለፍ እናትም አባትም ሲራመዱ ማየት ይጠቅማል፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ወርዳ እየተንሻፈፈች የምትሄድ ከሆነ ልጇም ያው ሊሆን ይችላል።

የሰሚቷ እናት

ሁላችሁም ተባረኩ። ለባሌ አነበብኩለት፣ ጠዋት 12 ሰዓት የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አለ ሃሃ። አሁን ደግሞ ላብራዶርስ ጀመረ፣ የዋህ ነው ልጅ ይወዳል እያለ። እውነት ነው? ሌላ ጥያቄ ደግሞ፣ እኛ ቤት ፆም ይጠበቃል፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ስጋ የለም ቅቤ የለም። ውሻው ምን ይበላል? ሽሮ ፍርፍር ብቻ ይበቃዋል?

ክሊኒክ ነው ምውለው

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ላብራዶር የዋህ ነው፣ እውነት ነው። ከልጅ ጋር ደግሞ ከፈረንጅ ውሾች ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ችግሩ ለሌባም የዋህ ነው። ወፍ ተተኩሶ ሲወድቅ ከውሃ ውስጥ በአፉ ይዞ እንዲያመጣ የተራባ ውሻ ስለሆነ ሰው ማየት ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ በደንብ ይጮሃል አንዳንዱ ግን ጅራቱን እየቆላ ይቀበላል። ደግሞ ሆዳም ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ የኛ ሰው ሲያሳዝነው ይጨምርለታል፣ ክሊኒክ የሚመጡት ላብራዶሮች ግማሾቹ መራመድ አቅቷቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፖሜራኒያን ደግሞ ለትልቋ ልጅሽ ይሆናት ነበር ለትንሹ ግን አይሆንም። 2 እና 3 ኪሎ የሆነች ውሻ ከሶፋ ላይ ወድቃ እግሯ ይሰበራል፣ የ4 ዓመት ልጅ አንስቶ ሲለቃት ምን እንደምትሆን አስቢው። ጸጉሯ በየጊዜው ካልተበጠረ ይተበተባል፣ ደጅ አድራ የህዳርና የታህሳስን ብርድ መቻሏም ያጠራጥረኛል። ቤት ውስጥ መግባት የለባትም ካላችሁ እዚህ ጋ ነገሩ አለቀ።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳልሽ። ዝርያ ከመምረጥሽ በፊት ሰራተኛሽን ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪያት። አንቺም ባልሽም ቀን የላችሁም፣ አማትሽ አይነኩትም፣ ስለዚህ የሚያበላው፣ ውሃ የሚቀይርለት፣ ሰገራውን የሚያነሳው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚይዘው ማን ነው? እሷ ናት። ውሻ የሚፈራ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ ሳህኑን በመጥረጊያ ገፋ አድርጎ ይሸሻል፣ ውሻው ሲጠጋ ድንጋይ ያነሳል ወይ ይጮሃል፣ ውሻውም መጥረጊያ የያዘ ሰው ጠላት ነው ብሎ ይይዛል። እንደዚህ የጀመሩ ውሾች ናቸው በ1 ዓመታቸው "ይናከሳል ግደሉልን" ተብለው የሚመጡልን። ስለዚህ ለናንተ ቤት ትልቅ ውሻ ከነጭራሹ አይመከርም፣ እሷ ራሷ ከቡችላነቱ በእጇ እያበላች የምታሳድገው፣ አድጎ ራሱ ከጉልበቷ ብዙ የማያልፍ ውሻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ይሄን የሚያሟላ ውሻ ደግሞ ከላይ ጠበቃው የነገረሽ ነው፣ ወይም የሱ ዲቃላ።

ስለ ምግብ። ይሄን ሁሉም ቤት ይስማ፣ ወጥ ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይገድላል፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ቀይ የደም ሴሎቹን ነው የሚያፈርሰው። አንዴ ትንሽ ቢልስ ላይታይበት ይችላል፣ በየቀኑ የወጥ ትራፊ የሚበላ ውሻ ግን ድዱ ይነጣል፣ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ሰው ደግሞ ቡዳ በላው ይላል። ሽሮም ሽንኩርት አለው፣ ስለዚህ ሽሮ ፍርፍር መልስ አይደለም። ባዶ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት ችግር የለውም፣ ፕሮቲኑን ግን ማግኘት አለበት። ከስጋ ቤት ሳንባ ይገዛል፣ ርካሽ ነው፣ ደጅ በራሱ ድስት በከሰል ቀቅሉለት፣ ለፆሙም መፍትሄው ይሄው ነው፣ የውሻው ድስት ከወጥ ቤት ውጪ ከሆነ አማትሽም አይቀየሙም። እንቁላል ተቀቅሎም ይሆናል።

ሳንባና ጉበት ስትገዙ ግን አይታችሁ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ለውሻ እንዳትሰጡ፣ ቅበሩት ወይ አቃጥሉት። በተለይ በበዓል በግ ታርዶ ያ ነገር ሲገኝ "ለውሻው ጣሉለት" ይባላል፣ በዚህ ነው ውሻው የሆድ ትሉን የሚይዘው፣ ከዚያ በሰገራው እንቁላሉን ያወጣል፣ ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል፣ ከዓመታት በኋላ ሰውየው ጉበት ወይ ሳንባ ላይ ያ ውሃ የቋጠረ ነገር ይገኛል፣ በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው። ሌላውን ስጋ በደንብ ቀቅሉ፣ የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ስጡት፣ ልጆቹም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ክትባት፦ የፓርቮና የዲስተምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመራል፣ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ግቢያችሁ ውስጥ ወይ በራችሁ ላይ በቅርብ ጊዜ ደም እያስቀመጠው የሞተ ቡችላ ከነበረ ንገሩኝ፣ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ብዙ ወር ይቆያል፣ ሲሚንቶውን በበረኪና አጥባችሁ፣ ክትባቱ ሳያልቅ ቡችላ አታስገቡ።

ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሪያቸው፣ የሚበላ ውሻ አይነካም፣ የተኛ ውሻ አይቀሰቀስም፣ አንገቱ ላይ አይጠመጠሙም። ልጅን የሚነክሰው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የማያውቀው ውሻ ሳይሆን ልጁ የሚያውቀው ውሻ ነው። ትንሹን ከውሻው ጋር ብቻውን አትተዪው፣ የቱንም ያህል የዋህ ቢሆን። አያድርገውና የማንም ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጠበል መሄድ ለሚፈልግ ሰው አልከለክልም፣ ክትባቱን ከተወጋ በኋላ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ አለርጂው እኔ ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ልጄ አለርጂ ስላለባት "ጸጉሩ አይረግፍም፣ አለርጂ አያስነሳም" ብለው የፑድል ዲቃላ በብዙ ሺ ዶላር የሚሸጡ ሞልተዋል። ጨርሶ አለርጂ የማያስነሳ ውሻ የለም፣ አለርጂውን የሚያመጣው ጸጉሩ ብቻ ሳይሆን ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ፎረፎር ነገር ነው። ፑድል ጸጉሩ ብዙም ስለማይረግፍ ቤት ውስጥ የሚበተነው ሊቀንስ ይችላል፣ ያ ብቻ ነው። እና ከመወሰናችሁ በፊት ልጁን ውሻ ያለበት ዘመድ ቤት ውሰዱትና ሲጫወት ይዋል፣ አይኑ ከቀላ ወይ ካፈነው ውሻ ሳትገዙ አወቃችሁ ማለት ነው። ሐኪሙንም ጠይቂው። እናንተ ጋ ውሻው ደጅ ማደሩ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው፣ አማትሽ ሳያውቁት ለልጁ ጠቀሙት።

የአየር ጤናዋ

ሰላም እህቴ። እኛ ሙስሊም ነን፣ ግቢያችን ውስጥ ግን ለጥበቃ ውሻ አለን፣ ለጥበቃ መያዝ ይፈቀዳል። ምራቁ ዕቃና ልብስ እንዳይነካ ስለምንጠነቀቅ ነገሩን በዘዴ ነው የያዝነው። የራሱ ሳህን፣ የራሱ ባልዲ፣ ሌላ ሰው የማይነካው። ከመግቢያው በር ርቆ ከኋላ በኩል ነው ቤቱ፣ ከመኝታው እስከ በረንዳው ድረስ ደግሞ ዝቅ ያለች የፍርግርግ አጥር አሰርተን ቀን እዚያ ውስጥ ይላወሳል፣ ሰንሰለት የለም፣ ማታ ግቢው ሁሉ የሱ ነው። እናቴ ለሶላት ውዱእ አድርጋ ስትወጣ አይነካትም። አማትሽን "ከፍርግርጉ አያልፍም" ብለሽ ቦታውን አሳዪያቸው፣ ትልቅ ሰው የሚቆጣው መጀመሪያ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

የውሻውን ቤት ከቆርቆሮ ብቻ አታሰሪ፣ ቀን ይግላል ማታ በረዶ ይሆናል። እኛ በጣውላ ነው ያሰራነው፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ጡብ ያህል ከፍ ብሎ፣ ክረምት ጎርፍ እንዳይገባ።

የሰሚቷ እናት

የአየር ጤናዋ እግዜር ይስጥሽ፣ የፍርግርጉን ነገር ስነግራቸው አማቴ "እንዲህ ከሆነማ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ፣ እንዲያውም ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ ከመቁጠሪያቸው ወንበር በጣም ራቅ ያለ ሃሃ። ሰራተኛችንን አነጋገርኳት፣ ልጅ ሆና ነክሷት ያውቃል ለካ፣ ለማንም አልነገረችም። "ትንሽ ሆኖ ከመጣ እኔ አሳድገዋለሁ፣ ትልቅ አምጥታችሁ ግን እንዳታስፈራሩኝ" አለች። ልጄ ፖሜራኒያን ካልሆነ ብላ አለቀሰች፣ ስም የምታወጣው አንቺ ነሽ ስንላት ዝም አለች። ባሌ ብቻ ነው ገና ያልተጽናናው።

መስሪያ ቤታችን ያለ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ውሻቸው ወልዳለች፣ እናቲቱ አበሻ ናት አባትየው ግን የጎረቤት ሸፐርድ ነው ይላሉ። ሄደን አየናት፣ የሰውየውን ልጆች አስጠግታ ትልሳለች፣ እኛ ላይ ጮኸች ግን ባለቤቷ "በቃ" ሲላት ተቀመጠች። ቡችሎቹ 6 ሳምንታቸው ነው፣ የቀረችው አንዲት ሴት ናት፣ በዚህ ሳምንት ውሰዷት እያለኝ ነው። ሴት መሆኗ ለጥበቃ ችግር አለው?

የአበሻ ውሻ ጠበቃ

ባልሽ ግማሽ ሸፐርድ አገኘ አንቺ ግማሽ አበሻ አገኘሽ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ!! እናቲቱ እንዳልሻት ከሆነች ሳታመነቺ ውሰጃት።

ክሊኒክ ነው ምውለው

በዚህ ሳምንት አይሆንም። 8 ሳምንት ይሙላት፣ ከእናትና ከእህት ወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ነው ጥርሷን ቀስ አድርጋ መያዝ የምትማረው፣ ቀድማ የወጣች ቡችላ እጅ ትነክሳለች፣ እናንተ ቤት ደግሞ ትንሽ ልጅ አለ። እስከዚያ ሰራተኛሽን ይዘሻት ሂጂና በእጇ ታብላት፣ ሰውየው እንቢ የሚል አይመስለኝም። አባትየው ሸፐርድ ከሆነ ደግሞ ከተራ አበሻ ትንሽ ከፍ ልትል ትችላለች፣ እናቲቱ መካከለኛ ከሆነች ግን ይሄን ያህል አያሳስብም።

ለጥበቃ ሴት ከወንድ አታንስም፣ እንዲያውም ከግቢ አትጠፋም። ችግሩ ሌላ ነው፣ ከ6 ወሯ በኋላ በዓመት ሁለቴ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፣ 3 ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ የሰሚት ወንድ ውሻ በሙሉ በራችሁ ላይ ይሰለፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነካከሳል፣ አጥር ይዘላል፣ ከ63 ቀን በኋላ ደግሞ ስምንት ቡችላ ይዘሽ እዚሁ መጥተሽ "ውሰዱልኝ" ትያለሽ። መውለዷን ካልፈለጋችሁ 6 ወር ሲሞላት ለማስመከን አምጧት፣ ሌባው ላይ መጮኋን አይቀንሰውም። አሁን ግን ከሰውየው ጋር ስትነጋገሪ የትል መድኃኒት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ጠይቂው፣ ካልተሰጣቸው ለሁሉም በአንዴ ይስጥ።